ቀፊራና ሸክላው፤ በግል አሳታሚ የወጣ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ወደ ሲኒማና ወደ ቴሌቪዥን ስለ መግባቱ

መግቢያ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ደብዳቤው ይመረመራል፤ ሕንጻው ይለካል፤ የንግዱ መዝገብ ይገለጣል። የከተማው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራ ውጭ ይቀራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ድምፅ ካልተቀረጸ በቀር ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በዚህ አጭር ጥናት ልናሳይ የምንሞክረው ይህንኑ ነው፤ ማለት በአገራችን የተቀረጸው የመሣሪያ ሙዚቃ እንዴት ወደ ዓለም ሲኒማ ሊደርስ እንደ ቻለ፣ ያልተቀረጸው ደግሞ ለምን እንደ ቀረ። የምንነሣውም ከድሬዳዋ፣ ይልቁንም ከቀፊራ ገበያ ነው።

ቀፊራ ደቻቱ በተባለው የአሸዋ ወንዝ ማዶ፣ በመጋላ በኩል የሚገኝ ገበያ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ከዚራ በባቡሩ መምጣት ምክንያት በፕላን የተሠራ ሰፈር ሲሆን፣ መጋላ ግን በነጋዴውና በመንገደኛው እግር የተሠራ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ዐፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡም ሳይቀር በዚህ ገበያ ተገናኝቷል፤ ቋንቋውንም ዜማውንም ይዞ ገብቷል። እንግዲህ አንድ ሰው በቀፊራ የሆነ ታሪክ በፊልም ለመሥራት ቢነሣ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚያሰማውን የመሣሪያ ሙዚቃ ከወዴት ያገኛል? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። ዛሬ የሚያገኘው በቀላሉ ከ1969 እስከ 1975 በአዲስ አበባ ከተቀረጹት ሸክላዎች ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ መመርመር የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

፩. ባቡሩና የሙዚቃው መሣሪያ

የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ወደ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። በመካከሉ ካሉት ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ሁሉ ከሠረገላ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው ከዚሁ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን የድሬዳዋ ጣቢያ የመንገዱ እምብርት መሆኑ አልቀረም።

በዚህ መንገድ ከተጓዙት ሁሉ ለሙዚቃ ታሪካችን ዋነኞቹ በ1924 የመጡት አርባ የአርመን ልጆች ናቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው እነዚህ ወላጅ አልባ ወጣቶች «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ የደረሰውን የመንግሥት መዝሙር ዜማ አዘጋጀ። የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ከእርሱ በኋላ መጥቶ የአገሩን ቅኝት ለብዙ መሣሪያ ማቀናበርን ለወጣቶች አስተማረ፤ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ብዙ ደክሟል።

ከዚህ የሚታወቀው፣ «ኦርኬስትራ» የሚለው ነገር በአገራችን መጀመሪያ የመንግሥት መሆኑ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ቴአትር ቤቱ የየራሳቸውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። መሣሪያው የመንግሥት፣ ደመወዙ የመንግሥት፣ ልብሱም የመንግሥት ነበር። በዚህ ጥላ ሥር ብዙ ችሎታ አደገ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሙዚቀኛው የሠራው ሥራ የእርሱ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ? የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቆየ። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የፊልም ሰዎች በራችንን ባንኳኩ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው።

፪. ስለ ሸክላ ብቸኛ መብትና ስለ አምሃ እሸቴ

ድምፅን በሸክላ መቅረጽ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አልነበረም። ተሰማ እሸቴ በዚያው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ ከ1908 ጀምሮ፣ በጀርመን አገር አስቀርጿል። ይሁን እንጂ በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ የአገር ፍቅር ስሜት ለማነሣሣትና ለቴአትራችን መሠረት ለመጣል የፈጸመው ሥራ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ በተዘጋ ጊዜ ውስጥ ያለው አይወጣም፤ ውጭ ያለውም አይገባም። ማኅበሩ ያልፈለገው ወይም ያልደረሰበት ሙዚቃ በሸክላ ሊወጣ አልቻለም።

ይህን በር በድፍረት የከፈተው አምሃ እሸቴ ነው። በ1969፣ ዕድሜው ገና ሃያ አራት ዓመት ገደማ ሳለ፣ ፈቃድ ሳይጠብቅ «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን የግል አሳታሚ አቋቋመ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ከአገር ውጭ፣ በተለይም በሊባኖስ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ባሉት ስድስት ያህል ዓመታት 103 ትናንሽና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ከነዚህም «ዓሊ ታንጎ» በመባል የታወቀው ዓሊ ዓብደላ ኬይፋ አንዱ ነው።

ከአምሃ ሸክላዎች መካከል ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገን ሙላቱ አስታጥቄ ያቀናበራቸው የመሣሪያ ሙዚቃዎች ናቸው። ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ፣ በቦስተን በሚገኘው በበርክሊ ተምሮ ነበር። በ1966 በኒው ዮርክ ወርዚ በተባለ አነስተኛ የግል አሳታሚ ሁለት አልበሞች አወጣ፤ በ1972 ደግሞ በዚሁ አሳታሚ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አሳተመ። በአዲስ አበባ ለአምሃ የቀረጻቸው ሥራዎች በዚሁ ዘመን በረጅም ሸክላ ወጡ። በነዚህ ሥራዎች ሳክስፎኑ፣ ቫይብራፎኑ፣ ኦርጋኑና ጊታሩ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይነጋገራሉ፤ ዘፋኝ ግን የለም። በዚያ ዘመን ያለ ዘፋኝ ሸክላ ማውጣት ለነጋዴ የሚያዋጣ አልነበረም። ገዢው የሚፈልገው የሚወደውን ዘፋኝ ድምፅ ነውና። አምሃ ኪሳራውን ተቀብሎ ማሳተሙ ኋላ ለተከሠተው ነገር ሁሉ መነሻ ሆኗል።

፫. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያና ቴሌቪዥን

ከዚህ ጎን ለጎን መታየት ያለበት ሌላ ሙከራ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተደርጎ ነበር። ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው በግብጽ የተወለደው ደራሲ በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። ሐሳቡ በምዕራባውያን መሣሪያ የአገር ዜማ ማጫወት አልነበረም። ይልቁንም ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን ከየመንደራቸው አምጥቶ ባንድ መድረክ ማስማማት ነበር። መሰንቆ ተጫዋቹ ከእምቢልታ ነፊው ጋር በጋራ መጫወት እስኪለምድ ድረስ ብዙ ድካም ጠይቋል። ኋላም ቻርልስ ሰተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባልና ደራሲው ተስፋዬ ለማ ሥራውን ቀጠሉ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር በአገሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝግጁ የሙዚቃ ጓድ መገኘቱ መልካም አጋጣሚ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በ1969 የሆነው ነው። ኦርኬስትራው «የብሉ ናይል ቡድን» በሚል ስም ወደ አሜሪካ ተጉዞ በብዙ ከተሞች ከተጫወተ በኋላ፣ በዚያ አገር እጅግ ብዙ ተመልካች በነበረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ታየ። ክራርና መሰንቆ በአንድ ምሽት በብዙ ሺህ አሜሪካውያን ሳሎን ገቡ ማለት ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ልዩነት አለ። በቴሌቪዥን በቀጥታ የታየ ጨዋታ ያን ምሽት አይተውት ለነበሩት ነው፤ ማግስቱን ያልፋል። በሸክላ የተቀረጸ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ባለሙያ እጅ ገብቶ አዲስ ሥራ ሊወጣው ይችላል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከአብዮቱ በኋላ ተበተነ። የተረፈለትን የድምፅ ቅጂ ግን በ2007 «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትም በ23ኛው ክፍል አንባብያን ዛሬም ሊሰሙት ይችላሉ።

፬. ሸክላው ወደ ሲኒማ የገባበት መንገድ

ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን ሙዚቃ አቀዘቀዘው፤ ሸክላውም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ የነዚህ ሥራዎች ታሪክ የተዘጋ ይመስል ነበር። እንዲህ ያልሆነበትን ምክንያት በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1984 ኬይፋ ያሳተመውን የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ሸክላ ሰማ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ የግል አሳታሚ ሥራውን ለአውሮፓ አቀረበው። ፋልሴቶ በዚህ ሳይወሰን ባለመብቶቹን እየፈለገ፣ ከአምሃም ጋር እየተዋዋለ፣ ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ በተባለው ቤት «ኢትዮፒክ» የሚባለውን ተከታታይ እትም ማውጣት ጀመረ። በ1998 የወጣው አራተኛው ክፍል ለመሣሪያ ሙዚቃ፣ በተለይም ለሙላቱ ሥራ የተሰጠ ነበር።

ይህን እትም ከሰሙት አንዱ የፊልም አዘጋጁ ጂም ጃርሙሽ ነው። በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ»ና «ጉብልዬ» የተባሉት ሥራዎች ተሰሙ። የፊልሙ ታሪክ አንድ ያረጀ ወንደላጤ የቀድሞ ወዳጆቹን ፍለጋ በመኪና ሲዞር የሚያሳይ ነው፤ ሙዚቃውን ለመንገዱ የሚሰጠው ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣው ጎረቤቱ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን በተደረገው በዓል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ። ከዚህ በኋላ ሙላቱ በዓለም መድረክ እንደ አዲስ ተጠራ፤ በ2009ና በ2010 በለንደን አዳዲስ አልበሞች ወጡለት።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ነገር ተከናውኗል። በቦስተን አካባቢ የሚገኘውና በረስ ገርሾን የሚመራው «አይዘር ኦርኬስትራ» በራሱ መሪ የግል አሳታሚ ሥራዎቹን የሚያወጣ የሙዚቃ ጓድ ነው። የኢትዮጵያን ዜማዎች ለብዙ ነፋሽ መሣሪያ አቀናብሮ ሲያሳትም ፋልሴቶ ሰምቶት በ2004 ወደ አዲስ አበባ አስመጣው። በዚያ ከሙላቱና ከሳክስፎን ነፊው ከጌታቸው መኩሪያ ጋር የተጫወተው በ2005 የኢትዮፒክ 20ኛ ክፍል ሆኖ ወጣ። የኔርሰስ ናልባንዲያንም ሥራዎች በዚህ ጓድ አማካይነት ከወረቀት ተነሥተው ዳግመኛ ተሰምተዋል። ባንድ ወቅት በመንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ጉዞ በግል አሳታሚዎች እጅ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

የሲኒማ ሰው ይህን ሙዚቃ ለምን መረጠ? ሦስት ምክንያት ይታየናል። አንደኛው፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ከተዋናዩ ንግግር ጋር አይጋጭም። ሁለተኛው፣ ከሥር የሚመላለሰው የባሱ ዜማ እንደ መንገደኛ እርምጃ እኩል ስለሚሄድ ለጉዞ ታሪክ ይስማማል። ሦስተኛው፣ የትዝታ ቅኝት ኀዘንና ደስታን ሳይለይ ስለሚይዝ፣ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው አያስገድደውም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎችም የተፈለጉት በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለናል። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 በጀርመን አሳትመው ገቢውን ለበጎ አድራጎት አውለው ነበር። በ2006 በኢትዮፒክ 21ኛ ክፍል ከወጣላቸው በኋላ፣ ሥራቸው በ2020 «ታይም» በተባለው የእውነተኛ ታሪክ ፊልምና በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ተሰምቷል።

፭. ያልተቀረጸው፤ የአፍረን ቀሎ ጉዳይ

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በ1962 ገደማ በዚህች ከተማ «አፍረን ቀሎ» የተባለ የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። ስሙን የወሰደው ቀሎ ከሚባሉት ከአራቱ ጎሳዎች ነው። በኦሮምኛ በዘመናዊ መሣሪያ የታገዘ ሙዚቃን በማደራጀት ከቀደሙት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ኋላ ዝናው አገር የሞላው ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ የገባው በዚህ ቡድን ነው፤ «ቢራ» የሚለውንም ስም ያገኘው በመጀመሪያ ከዘፈነው ዘፈን ነው። ቡድኑ የሠርግ ቤት ጨዋታን ወደ መድረክ አመጣ፤ ዑዱን ከከበሮው ጋር አስማማ፤ የመጋላ ሕዝብ በቋንቋው ሲዘፈንለት ሰማ።

ነገር ግን የጊዜው መንግሥት በጥርጣሬ ተመለከተው፤ በ1965 ገደማም ቡድኑ ታግዶ ተበተነ። ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ተቀጠረ። በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያ የተባለውን አልበም አሳተመ፤ እስከ ዐረፈበት እስከ 2022 ድረስም ብዙ ሥራ ትቶልናል።

እዚህ ላይ ዓመቶቹን እናነጻጽር። አፍረን ቀሎ የተበተነው በ1965 ነው፤ አምሃ ብቸኛውን መብት የሰበረው በ1969 ነው። በመካከሉ ያሉት አራት ዓመታት ብቻ ናቸው። ቡድኑ በቆመባቸው ዓመታት ሸክላ ሊያወጣለት የሚችል የግል አሳታሚ በአገሩ አልነበረም፤ ያለው አንድ በር ደግሞ ለታገደ ቡድን የሚከፈት አልነበረም። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ በ1972 ያጫወተው በካን ሲሰማ፣ የድሬዳዋው ጓድ በ1963 ያጫወተው በሽማግሌዎች ትውስታ ብቻ ቀረ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም፤ የጊዜና የበር ጉዳይ ነው። የዓሊ ቢራ ዜማ የተረፈልን ሰውየው ራሱ በሕይወት ተርፎ ወደ ማይክሮፎን ስለ ደረሰ ነው። አብረውት የተጫወቱት የመሣሪያው ሰዎች ግን እንደ ጓድ ያሰሙት የነበረው ድምፅ አልተረፈም።

፮. የመብት ነገር

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ «የባዕድ ፊልም ዜማችንን ቢጠቀም ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ዜማውን ከአገሩ ነቅሎ ለአሜሪካ መኪና መንገድ ማጀቢያ አደረገው እንጂ» ይላሉ። ይህ አስተያየት ከንቱ አይደለም። በሥዕል ሥር የገባ ሙዚቃ የደራሲው ስም ሳይታወቅ ያልፋል፤ አድማጩም ከየት እንደ መጣ ላይጠይቅ ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ዜማውን መደበቅ አይደለም፤ የባለቤቱን መብት ማስከበር ነው።

ለፊልም የሚገባ አንድ ሥራ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንደኛው የድርሰቱ ፈቃድ ሲሆን የሚሰጠው ደራሲው ወይም ወራሹ ነው። ሁለተኛው የድምፅ ቅጂው ፈቃድ ሲሆን የሚሰጠው ያስቀረጸው አሳታሚ ነው። አንዱ ከጎደለ ፊልም ሠሪው ሥራውን ትቶ ሌላ ይፈልጋል፤ ለክስ ራሱን አሳልፎ አይሰጥም። የአምሃ ሸክላዎች ወደ ሲኒማ ሊገቡ የቻሉት ባለቤታቸው በስም የሚታወቅ፣ ተፈልጎም የሚገኝ ሰው ስለ ነበረ ነው። የመንግሥት ጓዶች ለየበዓሉ የተጫወቱት ግን ማን ፈቃድ እንደሚሰጥበት ለመወሰን ያስቸግራል፤ ብዙው በዚህ ምክንያት ተዘግቶ ተቀምጧል። ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሀብትን አውቆት ነበር፤ በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲውን፣ የተጫዋቹንና የድምፅ አሳታሚውን መብት ለይቶ ደንግጓል፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕጉ ግን በተግባር የሚጠቅመው ባለቤቱ የታወቀውን ሥራ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች በየትኛው አንቀጽ ይከራከራል?

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ፣ ኦርኬስትራ በአገራችን በመንግሥት ጥላ ቢወለድም፣ ድምፁ ለዓለም የደረሰው በግል አሳታሚዎች ድፍረት ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥን ሙዚቃን ባንድ ምሽት ለብዙ ሰው ቢያሳይም፣ ለዘለቄታው የጠቀመው በጥንቃቄ የተቀረጸውና ባለቤቱ የታወቀው ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ የማሳተም መብት ባንድ እጅ ሲያዝ የሚጎዳው በቅድሚያ ከመናገሻው ከተማ የራቀውና ቋንቋው በመድረክ ያልተለመደው ወገን ነው። የአፍረን ቀሎ ዕጣ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራን የምናሳስበው ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በድሬዳዋም ሆነ በሌላው ከተማ ዛሬ በሠርግ፣ በመንዙማና በዕድር የሚሰማውን የመሣሪያ ሙዚቃ በጥሩ ማሽን እንቅረጽ። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የተጫዋቾቹን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን፣ ዜማውን የሰጠውን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ እናያይዝ። አንዱን ቅጂ ለወመዘክር፣ አንዱን ለከተማው ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱን ለተጫዋቾቹ ለራሳቸው እንስጥ። ይህ ሲሆን፣ ነገ ስለ ቀፊራ ፊልም የሚሠራ ሰው የቀፊራን ድምፅ በሌላ ከተማ ድምፅ ለመተካት አይገደድም፤ ዋጋውም ለሚገባው ሰው ይከፈላል። የቀሩት ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሥራው ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች የሚተላለፍ አይደለም።